እረኛው በጎቹን ለምን ይቆጥራል?

የማኅበረሰባችንን ጤና ስለ ማወቅ ግዴታ



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ ጠፋው በግ የተናገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። መቶ በጎች ያሉት እረኛ አንዱ ቢጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን ሊፈልግ ይሄዳል፤ ባገኘውም ጊዜ በትከሻው ተሸክሞ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ምሳሌ ስንሰብክም ሆነ ለልጆች ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናተኩረው በፍለጋውና በደስታው ላይ ነው። ከፍለጋው በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ወንጌሉ በስም አይጠራውም፤ ያለ እርሱ ግን ምሳሌው አይቆምም። እረኛው በጎቹን ቆጥሯል። በጎቹ ማታ ወደ በረት ሲገቡ በደጃፉ ቆሞ ባይቆጥራቸው ኖሮ፣ መቶ መሆን የሚገባቸው ዘጠና ዘጠኝ መሆናቸውን ከወዴት ያውቅ ነበር? የማይቆጥር እረኛ በግ የሚጠፋበት አይመስለውም፤ የጠፋበትን አያውቅምና።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ የሚመነጭ ነው። የመንደራችን፣ የወረዳችንና የክልላችን ሕዝብ በምን እንደሚታመምና በምን እንደሚሞት፣ ካለፉት ዓመታት ይልቅ እየተሻለው ወይም እየባሰበት መሆኑን ማወቅ የክርስቲያን ግዴታ ነውን? ወይስ ለሹማምንትና ለሐኪሞች የሚተው የሙያ ጉዳይ ብቻ ነው? ፍቅር ዓይኑን የሚጥለው ፊት ለፊቱ ባለው በአንዱ ሰው ላይ ብቻ ነው ወይስ ፊታቸውን ያላየናቸውንም ብዙዎች ማሰብ ይገባዋል?

ሁለቱ መዝገቦች

ጥያቄውን ያነሣሁት መጻሕፍትን አንብቤ ብቻ አይደለም፤ የራሴን ጉድለት አስቤ ጭምር ነው። በአንድ የገጠር ቁምስና ባገለገልሁባቸው ዓመታት የጥምቀቱንና የሙታኑን መዝገብ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በሕገ ቀኖናዋ እያንዳንዱ ቁምስና የተጠመቁትን፣ የተጋቡትንና የሞቱትን የሚመዘግብባቸው መጻሕፍት እንዲኖሩት ታዛለች። እኔም ትእዛዙን እፈጽም ነበር። ሕፃን ሲሞት ወላጆቹን አጽናናለሁ፤ የቀብሩን ጸሎት አደርሳለሁ፤ ከዚያም የሕፃኑን ስም፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩንና ቀኑን ጽፌ መዝገቡን እዘጋለሁ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ሥፍራ ስዛወር መዝገቡን ለተተኪዬ ለማስረከብ ገጾቹን ከመጀመሪያው አንሥቼ አገላበጥሁ። ያላስተዋልሁትን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። የሕፃናቱ ሞት በዓመቱ ወራት ላይ እኩል አልተበተነም፤ ክረምቱ ሲገባ ይበዛል፣ ጥቅምት ሲገባ ይቀንሳል። በመንደሮቹም መካከል እኩል አልነበረም፤ የአንዱ መንደር ስም ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሞ ተጽፏል። ያ መንደር ውኃ የሚቀዳው ሰውና ከብት በአንድነት ከሚጠጡበት፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፍ ከሚገባበት ምንጭ ነበር። የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው፤ ግን አንድም ቀን ገጹን ከገጽ ጋር አስተያይቼው አላውቅም። እያንዳንዱን ሐዘን ለብቻው አዘንሁ፤ ሐዘኖቹ በአንድነት የሚናገሩትን ግን አልሰማሁም።

ለእያንዳንዷ እናት ጻድቁን ኢዮብን እያነሣሁ የሰጠውም የወሰደውም እግዚአብሔር መሆኑን ነግሬአት ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ አልጸጸትበትም። የሚጸጽተኝ ሌላ ነው። ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ሊታጠር፣ ለከብቱም የተለየ ገንዳ ሊሠራለት ይቻል ነበር። ሥራው ከአንድ የበጋ ወር የሕዝብ ጉልበት አያልፍም ነበር። ለዚያ ሕዝቡን አልጠራሁም፤ የጠራሁት ለቀብር ብቻ ነበር።

ሁለት ዓይነት ቆጠራ

ምናልባት አንድ አንባቢ «ሕዝብን መቁጠር በመጽሐፍ ቅዱስ የተወገዘ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን ያስቆጥራል፤ የጦሩ አለቃ ኢዮአብ እንኳ ነገሩ ደስ ሳያሰኘው ይቃወመዋል። ቆጠራው ካለቀ በኋላ የንጉሡ ልብ ይመታዋል፤ በምድሪቱም ቸነፈር ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ዳዊት ማንን እንደ ቈጠረ እናስተውል። የተቈጠሩት ሰይፍ የሚመዝዙ ጎልማሶች ናቸው። ሕፃናት፣ ባልቴቶች፣ ሕመምተኞች በቆጠራው አልገቡም። ንጉሡ ሊያውቅ የፈለገው የሕዝቡን ችግር ሳይሆን የራሱን ኃይል ነበር። ቸነፈሩ ከመጣ በኋላ ነው እነዚህን ሰዎች በጎች ብሎ የጠራቸውና በእነርሱ ፈንታ ቅጣቱ በእርሱና በአባቱ ቤት ላይ እንዲሆን የለመነው። በዚያች ሰዓት የንጉሥ ቆጠራ ወደ እረኛ ቆጠራ ተለወጠ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቆጠራ አለ። አንደኛው ያለውን ለማወቅና ለመመካት ይቆጥራል፤ ሁለተኛው የጎደለውን ለማወቅና ለመፈለግ ይቆጥራል። ጌታችን ራሱ በአውግስጦስ ቄሣር ቆጠራ ወራት በቤተ ልሔም ሲወለድ ከሚቈጠሩት ጋር መቈጠርን አልናቀም። የሚፈርደው ቁጥሩ ሳይሆን የቆጣሪው ልብ ነው።

ከሰበካ መዝገብ የወጣ ዕውቀት

የሕዝብን ጤና በቁጥር የማጥናት ዕውቀት ከየት እንደ ተጀመረ መመልከት ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በ1662 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ግራውንት ሐኪም አልነበረም። ያደረገው ነገር ቢኖር የከተማይቱ የሰበካ ጸሐፊዎች በየሳምንቱ ያወጡት የነበረውን የሙታን ዝርዝር ለብዙ ዓመታት ሰብስቦ ማስተያየት ነው። ከዚህም ከሚወለዱት መቶ ሕፃናት 36ቱ ያህል ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ገመተ። ዝርዝሩን ሌሎች በየሳምንቱ እያነበቡ ይጥሉት ነበር፤ እርሱ ግን ገጹን ከገጽ ጋር አስተያየ። ይህ ሰው ኋላ ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ ነው የሞተው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከተማ በሚገኙ የክርስቲያንና የእስላም የመቃብር ሥፍራዎች የሚፈጸሙ ቀብሮች ለጥናት ይመዘገቡ ጀመር። በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የጎልማሶች ሞት በእርግጥ መቀነሱ ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የመቃብር መዝገብ ነው። በጉራጌ በቡታጅራ አካባቢም በ10 ቀበሌዎች ልደትና ሞት ከ1987 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የዕውቀቱ መነሻ የተወሳሰበ መሣሪያ አልነበረም፤ ወደ ደጃፍ ሄዶ «ከእናንተ ማን ጎደለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

ፈንጣጣን ያጠፋውም ይኸው መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ዘመቻው በ1971 ሲጀመር አገሩ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት ነበርና እያንዳንዱን ሰው መከተብ የማይቻል ሆኖ ታየ። ስለዚህ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ በሽተኛው ያለበትን መንደር ይፈልጉ፣ በዙሪያውም ያሉትን ይከትቡ ነበር። በነሐሴ 1976 የመጨረሻው ሕመምተኛ በኦጋዴን ተገኘ፤ በ1980ም በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን የመፈለግ ሥራ አንድን ቸነፈር ከምድር ገጽ ሲያጠፋ አየን።

የአገራችን ቁጥሮች ምን ይላሉ?

በኢትዮጵያ በየጊዜው የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 እንዳሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2005 ቁጥሩ 123፣ በ2011 ደግሞ 88 ሆነ። በ2016 ወደ 67 ወረደ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። በዕድሜያቸው ሊያድጉ ከሚገባው በታች የቀነጨሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 38 ሆኑ።

ይህ ለውጥ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ከ2003 ጀምሮ ከ30,000 በላይ የሚሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተመድበው ቤት ለቤት ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ አጎበርና ስለ እርግዝና ክትትል አስተምረዋል። ከእነርሱም ጋር ገዳማውያትና የቁምስና ክሊኒኮች በብዙ ሩቅ ሥፍራ ደክመዋል።

አሁን አንዱን ስሌት እንመልከት። ከ166 ላይ 67 ሲቀነስ ልዩነቱ 99 ነው። ከ1,000 ሕፃናት መካከል ቀድሞ ቢሆን ይሞቱ የነበሩ 99 ልጆች አሁን በሕይወት አሉ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? ማንም አያውቅም። በማን ክንድ ላይ የተወጋው ክትባት፣ በየትኛው ቤት የተዘረጋው አጎበር ማንን እንዳተረፈ ለይቶ የሚነግረን የለም። እናታቸውም ልጇ ከሞት እንደ ተረፈ አታውቅም፤ ስለዚህ ማንንም አታመሰግንም። ለአንድ ቁስለኛ ያዘነ ሰው ቢያንስ የቁስለኛውን ፊት ያያል፤ ምንጭ ያጠረ ሰው ግን ያተረፈውን ልጅ ፊት ፈጽሞ አያይም። ጌታችን በስውር ስለሚደረግ ምጽዋት ያስተማረው እዚህ ላይ በሚያስደንቅ መንገድ ይፈጸማል፤ ሰጪውም ተቀባዩም አይተዋወቁም፤ በስውር የሚያይ አባት ብቻ ያውቃቸዋል።

የእግዚአብሔር ፈቃድና የእኛ ቸልታ

እዚህ ላይ ወደ ከባዱ ጥያቄ እንደርሳለን። በሐዘን ቤት ሁሉ «ፈቃዱ ነው» እንላለን። ይህን ማለታችን ከእምነት ነው፤ ብዙ እናቶችም በዚህ ቃል ተደግፈው ቆመዋል። ነገር ግን ከ2000 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት እግዚአብሔር ተለወጠን? ቀድሞ ከ1,000 ሕፃናት የ166ቱን ሞት ይፈቅድ የነበረው ኋላ ወደ 67 ዝቅ አደረገውን? እንዲህ ማለት ስድብ ነው። የተለወጠው የእኛ ትጋት ነው። እንግዲያውስ ቀድሞ በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ የጫንነው ሞት ከፊሉ የእኛ ቸልታ ነበር ማለት ነው።

ይህ መራራ እውነት ነው። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ልጇን ያጣችውን እናት «ቸል ስላልሽ ሞተብሽ» ማለት ጭካኔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ውሸት ነው። እርሷ ምንጩን አልመረጠችውም፤ ጤና ጣቢያውንም በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያቆመችው እርሷ አይደለችም። ለአንዲቱ እናት የምንነግራት የማጽናኛ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ቃል ለመቶዎቹ ሞት ምክንያት አድርገን ብናቀርበው ስንፍና ይሆናል። በእግዚአብሔር ፈቃድ ማመን የምንችለውን ሁሉ ካደረግን በኋላ የሚመጣ ዕረፍት ነው፤ ከማድረጋችን በፊት የሚመጣ ማመካኛ ሊሆን አይገባም። ክቡር አቡን ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1987 ባወጡት የማኅበራዊ ትምህርት መልእክታቸው መደጋገፍ ማለት በሩቅ ላሉ ሰዎች ችግር ለጊዜው ማዘን ሳይሆን ለጋራ ጥቅም ጸንቶ የመሥራት ቁርጥ ውሳኔ መሆኑን ያስተምራሉ። ቁርጥ ውሳኔ ደግሞ ያለ ዕውቀት ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ይህ አካሄድ ተስፋም ማስጠንቀቂያም አለው። የወረደ ቁጥር ወርዶ ይቀራል የሚል ዋስትና የለም። ጦርነት ጤና ጣቢያዎችን ሲያወድም፣ ድርቅ ሕዝብን ሲያፈናቅል፣ የክትባት መርሐ ግብር ሲቋረጥ፣ በብዙ ድካም የተገኘው በጥቂት ወራት ሊጠፋ እንደሚችል ከ2020 በኋላ ባሉት ዓመታት በዓይናችን አይተናል።

አማካዩ የሚሰውራቸው

ቁጥር ያሳያል፤ ደግሞም ይሰውራል። በ2016 ጥናት መሠረት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በአዲስ አበባ 39 ሲሆኑ በአፋር ክልል 125 ነበሩ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በአዲስ አበባ ከመቶ 97፣ በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ። አንድ አገር፣ አንድ ሰንደቅ ዓላማ፣ አንድ አማካይ ቁጥር፤ ነገር ግን የሕፃኑ ዕድል በተወለደበት ሥፍራ ተወስኗል። ስለዚህ የአገሩን ቁጥር ሰምተን ደስ ሲለን ወዲያው «በእኛ ክልልስ? በእኛ ወረዳስ? በቆላው ጫፍ ባለው ጸሎት ቤታችን ዙሪያስ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ሌላም የተሰወረ አለ። በ2000 ከሞቱት 166 ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሞቱት 49 ነበሩ፤ በ2016 ከ67ቱ 29 ናቸው። የሕፃናት ሞት ሲቀንስ የአራሶቹ ሞት ግን በዚያው ፍጥነት አልቀነሰም። ቀድሞ ከሚሞቱት ከሦስቱ አንዱ ያህል እንኳ የማይሞሉት አራሶች አሁን ከአሥሩ ከአራት በላይ ሆነዋል።

ይህን ስሰማ ዳግመኛ ያን የድሮ መዝገቤን አሰብሁ። በብዙ ሥፍራ በልማድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ሕፃን ታዲያ በየትኛው መዝገብ ይገኛል? በጥምቀቱ መዝገብ የለም፤ አልተጠመቀምና። በሙታኑ መዝገብም አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ያለ ለቅሶና ያለ ድንኳን በጥቂት ሰዎች በጸጥታ ይቀበራልና። እድርተኛው አይጠራም፤ ካህኑም አይሰማም። እናቲቱ በአራስ ቤቷ ለብቻዋ ታለቅሳለች፤ ጎረቤቶቿም «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጂያለሽ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ገጾቹን ሳገላብጥ ያየሁት ሐዘን ከባድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከሁሉ የሚበዛው ከገጾቹ ውጭ የቀረው ኖሯል።

ሦስት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ቁጥር ሰውን ያዋርዳል የሚል ነው። እውነትነት አለው። ዕቅድ ተፈጸመ ለማለት ብቻ የሚጻፍ ሪፖርት፣ ያልተከተበን እንደ ተከተበ አድርጎ የሚያሳምር ቅጽ፣ የዳዊት ቆጠራ ልጅ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ መቁጠርን መተው አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል። ስምና ቁጥር ተቃራኒዎች አይደሉም፤ ስም ያለ ቁጥር የጎደለውን አያሳይም፤ ቁጥር ያለ ስም የጎደለው ማን እንደ ሆነ አይነግርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኔ በአጠገቤ ያለውን መርዳት ይበቃኛል የሚለው ነው። ስለ ክልሉ ሕፃናት ሁሉ እየተናገረ የጎረቤቱን ልጅ ሳል የማይሰማ ሰው በእርግጥ ከንቱ ነው። ነገር ግን ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ገንዘብ ሰጠ፤ ስለ ነገውም አሰበ፤ ተመልሶም የተረፈውን ዕዳ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1984 ስለ ሥቃይ ትርጉም በጻፉት መልእክት የሳምራዊው ሥራ በዘመናት ሂደት የተደራጀ መልክ እንደ ያዘ ያስገነዝባሉ። የእንግዳ ማደሪያውን ማዘጋጀትም ምሕረት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠለቀ ነው፤ ሰው የሚሞትበትን ምክንያት መናገር ያሳፍራል የሚል ነው። ጆን ግራውንት በዘመኑ ይህንኑ አስተውሎ ነበር። በለንደን የሬሳውን ሁኔታ አይተው የሞቱን ምክንያት የሚናገሩ አሮጊቶች ነበሩ፤ በአባለዘር በሽታ የሞተ ሲሆን ጥቂት ገንዘብና መጠጥ ተቀብለው በሌላ በሽታ ስም ያስጽፉት ነበር። እኛስ? የኤች አይ ቪ ቫይረስ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተገኙት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንቱን ጎልማሳ በሳንባ ሞተ፣ በምች ሞተ እያልን ቀበርነው! ቤተሰቡ የዋሸው ከክፋት አይደለም፤ የሟቹን ክብርና የቀሩትን ልጆች ለመጠበቅ ነው። ውሸቱ ግን በሽታውን ሰውሮ ለቀጣዩ ቤት አሳለፈው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ዋሽቶ ያስጻፈው ቤተሰብ ብቻ ነውን? እውነቱን ያስወደደበት ማን ነው? በሕመምተኛው ላይ የፈረድነው፣ ጽዋውን የለየነው፣ ልጁን ከልጆቻችን ጋር እንዳይጫወት የከለከልነው እኛ ነን። ምሕረት በሌለበት ሥፍራ እውነተኛ ቁጥር አይገኝም። በምንጠላው በሽታ ላይ ሁልጊዜ የምናነበው የተሳሳተ መዝገብ ነው። ስለዚህ የማወቅ ግዴታችን ከመዝገብና ከእርሳስ በፊት በልባችን ይጀምራል፤ ሰው ሕመሙን ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ማኅበረሰብ መሆን አለብን። የሰማነውንም ምሥጢር መጠበቅ ይገባናል፤ የመንደሩን ችግር ለማወቅ የአንዱን ሰው ስም በአደባባይ ማውጣት አያስፈልግም።

ምን እናድርግ?

በየቁምስናው ሦስት ሥራዎችን መጀመር የሚቻል ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ ካህኑ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩና የእድሩ ጸሐፊ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምናልባት የሙታን መታሰቢያ በሚደረግበት ወር፣ መዝገቦቻቸውን በአንድነት ከፍተው በየመንደሩና በየወሩ ማን እንደ ሞተ እንዲያስተያዩ ነው። ሁለተኛው፣ ያገኙትን ይዘው ወደ ጤና ኬላው መሄድና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከምታውቀው ጋር ማስተያየት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2012 ወጥቶ ምዝገባው በ2016 በየቀበሌው ተጀምሯልና፣ ቤተሰቦች ልደትንም ሞትንም በቀበሌ እንዲያስመዘግቡ ማሳሰብም የዚሁ ክፍል ነው። ሦስተኛው፣ በአራስ ቤት ልጇን ያጣችን እናት መጎብኘት ነው። ሕፃኑ በማንም መዝገብ ባይገባ በቁምስናው ጸሎት ይግባ።

ቁጥሮቹን ስናነብም እንጠንቀቅ። አዲስ ጤና ኬላ በተከፈተበት ዓመት የወባ ሕመምተኛ ቢበዛ፣ በሽታው በዝቶ ሳይሆን ቀድሞ ያልታየው ታይቶ ሊሆን ይችላል። በትልቅ ቁምስና የሞቱት በትንሹ ከሞቱት ቢበልጡ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚመዘነው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ነው። የአንድ ዓመት ክፋትም ሆነ ደግነት አካሄድ አይባልም፤ አካሄድ የሚታወቀው በዓመታት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የቆዳው ምልክት ግልጽ ባልሆነ ጊዜ ወዲያው እንዲፈርድ ሳይሆን ሰባት ቀን ጠብቆ ዳግመኛ እንዲመለከት ታዟል። ከዚህ የበለጠ የጥንቃቄ ትምህርት ወዴት ይገኛል?

የተወደዳችሁ፤ ያ ምንጭ ኋላ ታጥሯል። ያጠረው የተተካኝ ካህንና የመንደሩ ሕዝብ ነው። መዝገቡን ሳስረክበው ገጾቹን አሳይቼው ነበር፤ በዚያ ቁምስና ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ምናልባት የሚረባው በመጨረሻው ቀን የሠራሁት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲህ በየማታው ጸሎቴ ስለ ቀበርኋቸው ሕፃናት እጸልያለሁ፤ ስማቸው በመዝገቡ አለና። በየትኛውም መዝገብ ላልተጻፉትም እጸልያለሁ፤ እነርሱን የጠጉራችንን ቁጥር እንኳ የሚያውቅ አምላክ ቆጥሯቸዋልና። እርሱ የቈጠራቸውን እኛ ሳንፈልጋቸው እንዳንቀር ጸጋውን ያድለን። አሜን።